25 ኦም ያነበበው ኬብል

በ10ቤዝ2፣ ማለትም የቢሮውን ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል ያያይዝ በነበረው የድሮ ኔትወርክ፣ ከባዱ ብልሽት መላው ቢሮ በአንዴ ሲቆም አልነበረም። እሱማ ቀላሉ ነው። ማሽኖቹ ይጠፋሉ፣ አንዱ ቲ ኮኔክተር (ኬብሉን ከኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ጋር የሚያገናኘው ባለ ሦስት አፍ መሰኪያ) ከካርዱ ይነቀልና በመሐል ፒኑና በውጭ ብረቱ መካከል በመልቲሜትር ይለካል። በኬብሉ ሁለት ጫፍ ያሉት 50 ኦም ተርሚኔተሮች (ሲግናሉ እንዳይንጸባረቅ ጫፉን የሚዘጉ ሬዚስተሮች) ደህና ከሆኑ ንባቡ 25 ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። 50 ካለ በአንድ ወገን ኬብሉ ተቆርጧል ወይም ተርሚኔተሩ ወልቋል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሾርት ነው። ካርዶቹ ግጭትን (ሁለት ማሽኖች በአንዴ መላካቸውን) የሚለዩት በኬብሉ ላይ ባለው ቮልቴጅ ከፍታ ስለሆነ፣ አንድ ጫፍ ሲከፈት ብቻውን የሚልከው ማሽን እንኳ ሌላም የላከ ይመስለዋል። 16 ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል።

ሰው የሚያደክመው ሌላው ነው። የአንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ወደ መስኮት ይጠጋል። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ይሠራል፤ ከሰርቨሩ ትልቅ ፋይል መገልበጥ ሲጀመር ግን መስመሩ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዱም ይቋረጣል። መልቲሜትሩ 25 ይላል። ካርድ ይቀየራል፣ ድራይቨር እንደገና ይጫናል፣ ለውጥ የለም።

ጥፋቱ ከጠረጴዛው ጀርባ ነው፦ ቲው በድሮ ቦታው ቀርቶ፣ ከእሱ እስከ ካርዱ ሁለት ሜትር ኬብል ተቀጥሏል። ቅጥያው ጫፉ ላይ ተርሚኔተር ስለሌለው የሜትሩን ንባብ አይለውጥም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚሄደው ሲግናል ግን ቅርንጫፉ ውስጥ ገብቶ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ዳታውንም ያበላሻል። ቲው ካርዱ ላይ በቀጥታ መሰካት አለበት። ስለዚህ ኬብሉ ራሱ ሄዶ ይመለሳል፤ ሁለት ሜትር ለራቀ ጠረጴዛ አራት ሜትር ይጨመራል፣ ይህም ከ185 ሜትሩ ጣሪያ ላይ ይቆጠራል።

75 ኦም የሆነው የቴሌቪዥን ኬብል በመሐል ሲቀጠልም እንዲሁ ነው፤ ሜትሩ አያጋልጠውም። ልጣጩ ላይ የታተመውን ማንበብ ይሻላል፦ አርጂ-58 ከሆነ ትክክል ነው፣ አርጂ-59 ከሆነ ይውጣ።

ማሽን ለጥገና ሲነሣ ደግሞ ቲው ብቻ ከካርዱ ይነቀላል፤ ሁለቱ ኬብሎች ከቲው አይፈቱም። መስመሩ መሬት (ኧርዝ) የሚያገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ተንጠልጥሎ የቀረው ቲ ብረት እንዳይነካ በፕላስተር ይጠቀለላል።