ቢጫዋ መብራት

ባለፈው ማታ ፍራንኮ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ቴሌቪዥኑ የጀርመኖችን የገና ገበያ ያሳያል። ዳር ዳሩን ትልልቅ የኮንክሪት ድንጋይ ተደርድሯል። አጠገቤ የነበረው የባጃጅ ልጅ «እዚያም መንገድ ተቆፍሯል እንዴ?» ብሎ አሳቀን። የአዳማ ልጅ መንገድ ላይ ድንጋይ ሲያይ ሌላ ምን ይምጣበት!

እኔ ግን አልሳቅኩም ማለት ይቻላል፤ ድንጋዩ መኪና ሕዝብ መሐል እንዳይገባ ነው። 14 ዓመት ጅቡቲ መስመር ተሳቢ ስነዳ እንደ በርሊኑ ሆዴን የበላኝ የመኪና ወሬ የለም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። አንድ የፖላንድ ሹፌር ከጣሊያን ብረት ጭኖ በርሊን ደረሰ። «ዛሬ አናራግፍም፣ ነገ ና» አሉት። ይህቺን ቃል ስንቴ ሰምቻታለሁ! ነገ ና ከተባልክ ቤትህ ጋቢናህ ነው፤ መጋረጃ ትዘጋለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ለቤት ትደውላለህ። አንድ አሸባሪ እዚያው ጋቢናው ውስጥ በጥይት መታውና መኪናውን ይዞ ብራይትሻይድፕላትስ አደባባይ የገና ገበያው መሐል ገባ። 11 ሰው እዚያ ሞተ፣ ከሹፌሩ ጋር 12። በፈረንጆቹ 2021 አንድ ቁስለኛ ደግሞ አረፈ።

መጀመሪያ ሹፌሩ መሪ ታግሎ ነው መኪናውን ያስቆመው ተባለ። እኔም አምኜ ስንቱን ሹፌር አስለቅሼበታለሁ። በኋላ ሲጣራ ግን ሰውዬው ቀድሞ ተመትቷል፤ መኪናውን ከ70 እስከ 80 ሜትር ባለው ውስጥ ያቆመው አውቶማቲክ ፍሬኑ ነው። ፊት ለፊት ነገር ሲመታ ወይም ሊመታ ሲል ራሱ ይይዛል። አውሮፓ ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ከባድ መኪና ያለዚህ ፍሬን መንገድ አይወጣም። ከበርሊኑ አምስት ወር ቀደም ብሎ ኒስ ላይ፣ ፈረንሳይ፣ 19 ቶኑ የጭነት መኪና ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሕዝብ እየደፈጠጠ ሄዶ 86 ሰው ጨርሷል። ልዩነቱን እንግዲህ ሹፌር የሆነ ያስበው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይሄን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። የምነዳት መኪና ከአውሮፓ ያገለገለች ናት፣ ይሄው ፍሬን አላት። ነበራት። ገዋኔ ላይ ግመል በተሻገረ ቁጥር ጢጥ ጢጥ እያለች ታስቸግራለች፤ አንዴማ ረዳቴን ከነቡናው መስታወት ላይ ለጠፈችው። ባለንብረቱ «ጎማ ትጨርስብኛለች» ብሎ ኤሌክትሪሽያን ጠርቶ ሽቦዋን አስነቀለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ስትበራ ጊዜ ረዳቴ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት።

እኛ አገር ቀዩን ገልባጭ ሰዉ «ቀይ ሽብር» የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። ማንም ሆን ብሎ ሰው ላይ አልነዳም፤ ለሚሞተው ግን ያው ነው።

በርሊን የሟቾቹ ስም እዚያው አደባባይ ባለችው በጦርነት የፈረሰች ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ተቀርጿል። የሹፌሩም አለ፣ ከነአገሩ።

ከቡናው ስመለስ ጋቢና ገብቼ ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ኤሌክትሪሽያኑ ጋ ብደውል «ሽቦውን እኮ ለሌላ መኪና ተጠቀምኩበት» አለኝ። ማክሰኞ ጭነት አለብኝ። መብራቷ በርታለች።