መልስ የሚሰጠው ግድግዳ

ከዋሽንግተን ወደ ቦስተን በሌሊት አውቶቡስ ልሂድ ያልኩት እኔው ነኝ። ርካሽ ስለሆነ። አሥር ሰዓት ገደማ የሚፈጅ መንገድ ነው፣ ጊዜው ታኅሣሥ መግቢያ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ጋ ያለው ማሞቂያ ደግሞ አይሠራም። ለሹፌሩ ስነግረው ቦታ ቀይር አለኝ። አውቶቡሱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ጃኬቴን እግሬ ላይ ጠምጥሜ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ኒውዮርክን ያየኋት በመስኮት፣ በእንቅልፍ ልቤ ነው።

የተከራየሁት ክፍልም አናደደኝ። ለሁለት ሌሊት 150 ዶላር ተባብለን ነበር፤ ሂሳቡ ሲመጣ “የጽዳት” ተብሎ 60 ዶላር ተጨምሮበታል። አንሶላው ላይ የሰው ፀጉር ነበረ እኮ! እኛ አገር አልጋ ቤት ስትገባ ቢያንስ ዋጋው በር ላይ አንድ ጊዜ ይነገርሃል፣ ያልቃል። ተከራከርኩ፣ ማንም አልሰማኝም፣ ከፈልኩ።

በማግስቱ ግን አንዲት ሴትዮ ካሰችኝ። ባቡር ጣቢያው ውስጥ የቲኬት ማሽኑ ብሬን እየመለሰ ሲያስቸግረኝ ከኋላዬ የተሰለፉት ትልቅ ሴት የራሳቸውን ካርድ አስነክተው አስገቡኝ። 2 ዶላር ከ40 ነው። ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። ይልቅ ቆም ብለው አስጠነቀቁኝ፤ አረንጓዴው መስመር ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ የሚባሉ አራት ቅርንጫፎች ስላሉት ቢን ካልያዝኩ ሌላ ሰፈር እንደምገኝ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም። ይቆጨኛል።

ፓርክ ስትሪት ላይ ተሳፈርኩ። ከዚያ የሚነሳው ዋሻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897 የተከፈተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ነው። ከዓድዋ ድል በዓመት ከመንፈቅ መሆኑ ነው። ባቡሩ ትንሽ ሄዶ ወደ ላይ ይወጣና እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር የመንገዱን መሐል ይዞ ይጓዛል፤ ግን እንደ መኪናው መብራት እየጠበቀ ስለሆነ ያንቀረፍፋል። የመጨረሻው ፌርማታ ቦስተን ኮሌጅ ይባላል። የእህቴ ልጅ እዚያ ሁለተኛ ዓመት ናት። ኮሌጅ ይባል እንጂ እ.ኤ.አ. በ1863 በኢየሱሳውያን ካህናት የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ነው።

መጀመሪያ አሳዪኝ ያልኳት የቦስተን ማራቶንን ኮረብታ ነበር፣ ሯጮቹን ልብ ሰባሪ የሚሉትን። ከግቢው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ያለው። ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ዓመት በተከታታይ ስታሸንፍ በዚህ አልፋለች። ሌሊሳ ዴሲሳም የ2013 ድሉን ያገኘው ይህን ወጥቶ ነው፣ በኋላ ያንን ሜዳሊያ በዚያው ውድድር ላይ በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ ለተጎዳችው ከተማ ሰጣት። ቆሜ ዳገቱን ሳየው ደረቴ ሞላ። ከዚያ በላይ ግን ብርዱ አላስቆመንም። በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፀሐይ ጠልቃለች፣ ወደ ላይብረሪው ሮጥን።

ኦኒል ላይብረሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተ ሲሆን የተሰየመው እዚያው ግቢ በ1936 ተመርቀው ኋላ ለአሥር ዓመት የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ በሆኑት በቲፕ ኦኒል ነው። የፈተና ሰሞን ነበር። ወንበር ሁሉ ተይዟል፣ አንዳንዱ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። እኔን ግን ያስቆመኝ የወረቀቱ ግድግዳ ነው።

ባለቀለም ስቲኪ ኖቶች ተለጥፈውበታል። ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ የፈለገውን ይጠይቃል፤ መልሱ ተጽፎ ይለጠፋል። ስለ ትምህርት ብቻ አይደለም፣ ስለ ማንኛውም ነገር። የሚመልሰው የላይብረሪ ባለሙያ ነው፣ ግን በራሱ ስም አይደለም፣ ግድግዳው ራሱ እንደሚናገር አድርጎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ጠያቂውም መላሹም ስም የላቸውም።

አንዱ ሐይቁ ላይ ያሉት ዳክዬዎች እግራቸው ለምን በረዶ እንደማይሆን ጠይቋል። መልሱ እንዲህ ነው፤ ከልብ ወደ እግር የሚወርደው ሞቃት ደም ከእግር ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጋር ጎን ለጎን ስለሚያልፍ ሙቀቱን ለሚመለሰው ያስረክባል፣ እግሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም አይጎዳም፣ ከሰውነቱም ብዙ ሙቀት አይባክንም። ከሥሩ ስለ ወፎች የሚያነቡት መጽሐፍ ተጠቁሟል። አጠገቡ ያለው ወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ተማሪ ከእናቱ ጋር ከተኳረፈ በኋላ እንዴት እንደሚደውል ጠይቋል። ሁለቱም እኩል ርዝመት ያለው መልስ አግኝተዋል። ሁለቱም በቁም ነገር ተይዘዋል። ከበድ ያለ ጭንቀት ለጻፈ ደግሞ የግቢው የምክር አገልግሎት የት እንዳለ ተነግሮታል። የቀሩትን እዚህ አልጽፋቸውም፣ የሰው ገመና ነው። ብርዱን ረስቼ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አነበብኩ።

“ጋሼ፣ አንተም ጻፍ እንጂ” አለችኝ የእህቴ ልጅ። አልጻፍኩም። ቦታው የልጆቹ ነው፣ ያውም የፈተና ሰሞን።

አስተማሪ ነኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክፍል ውስጥ “ጥያቄ አለ?” እላለሁ፣ ዝም ይላሉ። ገብቷቸዋል ብዬ እወጣለሁ። ፈተናው ሲታረም ነው ጉዱ የሚታየው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እያልኩ ስንቱን ልጅ ተቆጥቻለሁ! አሁን ሳስበው ተረቱን የምነግራቸው ሃምሳ ልጅ እየሰማ እንዲናገሩ ነው፤ የተሳሳተ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቅጽል ስም ሲጠራ አይቻለሁ።

ስም ሳይሉ መጠየቅ እኮ እኛም ጋ አለ። ተማሪ ሆኜ የሽንት ቤት በር ላይ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው በሌላ እስክሪብቶ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ይሳደባል። የአስተያየት መስጫ ሳጥንም አለ። ድሮ የሠራሁበት አንድ ቦታ በር ላይ የተሰቀለው ሳጥን ቁልፉ ዝጎ ነበር፤ አንድ ቀን ቀለም ሊቀቡ ሲያወርዱት ተሰበረና ወረቀቶቹ ፈሰሱ። አንዱን አነሳሁት። የተጻፈው ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ የውሃ ቧንቧው ይሠራልን ይላል። ቧንቧው ያኔም አልተሠራም ነበር። ያ ወረቀት ትዝ ሲለኝ አሁንም ያመኛል። የቦስተኑን ግድግዳ ሳይ የቀናሁት በሕንጻው አይደለም፣ በወረቀቱም አይደለም። የጠየቀ ሰው ተመልሶ ሲመጣ መልስ ተለጥፎ ስለሚያገኝ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ኮንስታንስ ሜሎን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ላይብረሪ መጀመሪያ ሲገቡ የተሰማቸውን የገለጹት በፍርሃት ቃል ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቅ፣ እነሱ ብቻ የማያውቁ ይመስላቸዋል፤ ያፍሩበታል፤ ብንጠይቅ ይታወቅብናል ብለው ዝም ይላሉ። ስንት ዓመት የቆምኩበት ክፍል ነው የተገለጸው። በእንቅልፍ ያለፍኩት ኒውዮርክም ለካ የሕዝብ ላይብረሪው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ማንኛውንም ጥያቄ በስልክ ይመልሳል፤ በ2014 ደግሞ ከ1940ዎቹ አንስቶ ሰው የጠየቃቸው ጥያቄዎች የተጻፉባቸው ካርዶች በሣጥን ተገኝተዋል። አላባማ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ተማሪዎች ስልክ ይዘው ተቀምጠው የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ይመልሳሉ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ።

የመጨረሻው ቀን በጥድፊያ አለፈ። የቦስተን የሕዝብ ላይብረሪ በር ላይ በድንጋይ የተቀረጸውን “ለሁሉም በነጻ” የሚል ጽሑፍ ፎቶ አንስቼ ሻንጣዬን ለመውሰድ ሮጥኩ። ስመለስ የቀን አውቶቡስ ያዝኩ፣ 20 ዶላር ይበልጣል፣ ግን ሞቃት ነው።

አሁን ክፍላችን በር አጠገብ አንድ ካርቶን ሰቅያለሁ። ከቦስተን የገዛሁትን ስቲኪ ኖትና እርሳስ በክር አሥሬ አስቀመጥኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። በሁለተኛው አንድ መጣ፤ ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ ለምን ስድስት ቀን ትሆናለች? ዓመቱ ከ365 ቀን በሩብ ቀን ገደማ እንደሚረዝም፣ ሩቡ በአራት ዓመት አንድ ቀን እንደሚሞላ ጽፌ ለጠፍኩ። በማግስቱ አምስት ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ።

ከአምስቱ አንዱ በጣም ትንሽ ጽሑፍ ነው። ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ፣ ማንም ሳያውቅ ወደ ፊት መምጣት ይችላል ወይ ይላል። የእጅ ጽሑፉን ከደብተሮቹ ጋር ላስተያየው ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት። ካርቶኑ ላይ “ይችላል” ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት ከዛሬ ጀምሮ ተራው በየሳምንቱ ይቀያየራል አልኩና የኋላውን ረድፍ በሙሉ ወደ ፊት አመጣሁት።