ሎጎ ላይ የቀረውን ሳምሰንግ ኤ13 እንዴት እንደመለስኩትና ፍላሽ የት ጋ እንደሚበላሽ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ስልክ ወደምጠግንበት ጠረጴዛ «አፕዴት አድርጌው ሞተ» ተብሎ የሚመጣ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ ሎጎ ላይ ቀርቷል ወይም እየጠፋ ይበራል። የሚሞተው ከዚያ በኋላ፣ ምንነቱ ሳይጣራ በተገኘው ፋይል ፍላሽ ሲደረግ (ሶፍትዌሩ ከኮምፒውተር እንደ አዲስ ሲጫን) ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት አንድ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ13ን ከሎጎ እንዴት እንዳወጣሁትና ከአንድሮይድ 14 ወደ 13 እንዴት እንደመለስኩት ነው። ሞዴሉ ኤስኤም-ኤ135ኤፍ ነው። ቴክኖና ሬድሚ ላይ የሚለየውንም እግረ መንገዴን እጠቅሳለሁ።

ጣጣው የጀመረው ከማስቀመጫው ነው። 64 ጊጋው ሞልቶ ነፃ የቀረው ከ1 ጊጋ በታች ነበር። እንዲህ በሞላ ስልክ ላይ ትልቅ አፕዴት ሲገባ አንድሮይድ ፋይሎቹን የሚያዘጋጅበት ቦታ ሊያጣና ሎጎው ላይ ሊቀር ይችላል። ያኔ ወዲያው ወደ ኦዲን (የሳምሰንግ ሶፍትዌር መጫኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም) መሮጥ ስህተት ነው። እኔ መጀመሪያ ሪከቨሪ (አንድሮይድ ሳይነሳ የሚከፈት የጥገና ዝርዝር) እገባለሁ። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ሳምሰንግ ላይ ሪከቨሪ ለመግባት ስልኩ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር መያያዝ አለበት፤ ገመዱ እንደተሰካ ፓወርና የድምፅ መጨመሪያው አብረው ይያዛሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ ገመድ ደጋግሞ ይሞክርና ቁልፉ ተበላሽቷል ብሎ ስልኩን ይፈታል። ከዝርዝሩ «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን»ን፣ ካልሠራ ደግሞ «ሪፔር አፕስ»ን እመርጣለሁ። ሁለቱም ፎቶና የስልክ ቁጥር አይነኩም። «ዋይፕ ዳታ» ግን ሁሉንም ይጠርጋል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም።

ኤ13ቱ በሁለቱም አልተነሳም። ቀጣዩ እርምጃ ያንኑ የአንድሮይድ 14 ሶፍትዌር ዳታ ሳይጠፋ በላዩ ላይ መጫን ነበር። ለዚያ ግን ስልኩ ላይ ያለውን የሶፍትዌር ደረጃ ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል።

ሎጎ ላይ የቀረ ስልክም ማንነቱን ይናገራል። ፓወርንና የድምፅ መቀነሻውን 7 ሰከንድ ያህል አብሬ ያዝኩ። ስክሪኑ ጭልም ሲል ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ይዤ ከኮምፒውተር የመጣውን ገመድ ሰካሁ፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የድምፅ መጨመሪያውን አንዴ ነካሁና ዳውንሎድ ሞድ (ስልኩ ከኦዲን ፋይል የሚቀበልበት ሁኔታ) ገባ። ከላይ በግራ በኩል በደቃቅ ፊደል የተጻፉ መስመሮች አሉ። አብዛኛው ሰው አያያቸውም፤ እኔ ግን ከማንኛውም ነገር በፊት በሌላ ስልክ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። «ኤፒ ኤስደብሊው ሬቭ» ከሚለው መስመር ላይ «ቢ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር የቡትሎደሩ (አንድሮይድን የሚያስነሳው የመጀመሪያ ፕሮግራም) ደረጃ ነው። ይህ ቁጥር በቺፑ ውስጥ በሚቃጠሉ ጥቃቅን ፊውዞች የሚመዘገብ ስለሆነ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከእሱ ያነሰ ቁጥር ያለው ሶፍትዌር በኦዲን አይገባም። የሳምሰንግ ዳውንግሬድ (ወደ ቀድሞው አንድሮይድ መመለስ) የሚቻለውና የማይቻለው በአንድሮይድ ቁጥሩ ሳይሆን በዚህ ነው።

የሶፍትዌር ፋይሉን ቁጥር ከስሙ ታገኙታላችሁ። ከስሙ መጨረሻ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ አምስተኛው የቡትሎደር ደረጃ ነው፤ ከ9 ሲያልፍ ወደ ፊደል ይዞራል። ሦስተኛው ዓመቱ ነው፦ ቪ 2022፣ ደብሊው 2023፣ ኤክስ 2024። ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ከኤ ጃንዋሪ እስከ ኤል ዲሴምበር። ስለዚህ ስሙ «5-ሲ-ደብሊው-ኤል-1» ብሎ ቢያልቅ ቡትሎደሩ 5፣ የተሠራውም በዲሴምበር 2023 ነው ማለት ነው። ስልኩ ላይ ቢ5 ካለ ይገባል፣ ቢ6 ካለ አይገባም።

ፋይሉ ብዙ ጊጋ ስለሆነ በእኛ ሰፈር ኔትወርክ እየተቆራረጠ ይወርዳል። ተቆርጦ የወረደ ዚፕ መጠኑ የተሟላ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሲፈታ ስህተት ካወጣ ፋይሉን ጥዬ እንደገና አወርዳለሁ። «ስህተቱን እለፈው» ብሎ ማራገፍ ግማሽ ሲስተም መጫን ነው። ከተፈታ በኋላ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ፣ ሲኤስሲ እና ሆም ሲኤስሲ የሚሉ አምስት ፋይሎች ይወጣሉ። ኦዲን ላይ ለእነዚህ የሚያገለግለው ግን አራት ቦታ ብቻ ነው፤ ሲኤስሲ በሚለው ቦታ ከሁለቱ ሲኤስሲዎች አንዱ ይገባል። ሆም ሲኤስሲ የባለቤቱን ዳታ ይተዋል፣ ሲኤስሲ ግን ያጠፋል።

መብራቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ፍላሽ ሲደረግ መብራት ከሄደ ሥራው በመሃል ይቆረጣል። ስለዚህ ባትሪው በደንብ በሚይዝ ላፕቶፕ ብቻ እሠራለሁ፤ ስልኩም ቢያንስ 50 በመቶ እንዲሞላ አደርጋለሁ። ገመዱ አጭርና ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን። ገበያ ላይ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ሞልቷል፤ ደህና ስልክ ላይ ሰክታችሁ ፋይል ማስተላለፊያ ምርጫ ካልመጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ኤፒውን ሳስገባ ኦዲን ለደቂቃዎች የደነዘዘ ይመስላል፤ ፋይሉን እየመረመረ ስለሆነ አይዘጋም። «ሪፓርቲሽን» የሚለው ሳጥን ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ ሆም ሲኤስሲ አስገብቼ ጀመርኩ። መጀመሪያ «ሴትአፕ ኮኔክሽን» ላይ ቆመ። ይህ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የገመድ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ ወይም የድራይቨር ችግር ነው፤ ቀዳዳውን ቀይሬ፣ ስልኩንም ከዳውንሎድ ሞድ አስወጥቼ መልሼ ሳስገባው ቀጠለ። አረንጓዴው «ፓስ» መጣ፣ ስልኩም ተነሳ። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ የስልክ ቁጥሩ ሁሉ ቦታው ላይ ነበር። ዳውንግሬድ ሲታሰብም እንኳ በዚህ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው፤ ዳታው የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ።

ከዚያ ወደ 13 የተመለሰው የስልኩ ባለቤት ለአፕዴቱ ቦታ ለማግኘት የሱቋን የድሮ ደረሰኝ ማተሚያ አፕ አጥፍታው ስለነበር ነው። አንድሮይድ 14 ከአንድሮይድ 6 በታች ላለው የተሠሩ አፖችን እንደ አዲስ አያስጭንም። ግን ለዚህ ብቻ ከሆነ ዳውንግሬድ አያስፈልግም፦ ከኮምፒውተር በኤዲቢ (ስልኩን በገመድ የሚያዝ ፕሮግራም) ኢንስቶል ትዕዛዝ ላይ «ባይፓስ-ሎው-ታርጌት-ኤስዲኬ-ብሎክ» የሚለውን ሲጨምሩበት ይጫናል። ይህን የተረዳሁት ከሥራው በኋላ ነው፤ አሁን መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው። ወደ ኋላ የተመለሰ ስልክ የቅርቦቹን የደህንነት ጥገናዎች ያጣል።

ዳውንግሬድ ዳታ ያጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ስልኩ የቀድሞውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው፤ ጂሜይሉን ስልኩን የሸጠለት ሱቅ ነው የከፈተለት፣ ፓስዎርዱን አያውቀውም። «እህቴ፣ የጂሜይሉን ፓስዎርድ ያውቁታል?» ብዬ ሳልጠይቅ አልጀምርም። ካላወቁ ስልኩ ተከፍቶ እያለ ፓስዎርዱን እንቀይራለን፤ ገና የተቀየረ ፓስዎርድ ለጥቂት ጊዜ ላይቀበል ስለሚችል አካውንቱን ከሴቲንግ ውስጥ አስወጥቼ ነው የምቀጥለው።

መጀመሪያ ያወረድኩት የአንድሮይድ 13 ፋይል ቁጥሩ ከስልኩ በአንድ ያንስ ነበር። አፕዴቱ ደረጃውን ከፍ ማድረጉን ሳላመሳክር ከስልኩ የቀድሞ መረጃ ተነስቼ ነው ያወረድኩት። ኦዲን ቀዩን «ፌይል» አወጣ፤ ስልኩ ላይ ደግሞ «ኤስደብሊው ሬቭ ቼክ ፌይል» የሚል ከሁለቱ ቁጥሮች ጋር ተጻፈ። ይህ ስልክ አይገድልም፤ ቡትሎደሩ ገና በር ላይ ነው የመለሰው። ከዚያ በኋላ ግን «የሶፍትዌር ማሻሻያው ላይ ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ሁሉ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ያ ስክሪን ራሱ እንደ ዳውንሎድ ሞድ ይሠራል። ትክክለኛው ፋይል ተገኝቶ እዚያው ላይ ፍላሽ ሲደረግ ይነሳል። መብራት ሄዶ የተቋረጠም እንዲሁ ነው።

ቁጥሩ የሚገጥም የ13 ፋይል አግኝቼ በዚህኛው ጊዜ ሆም ሳይሆን ሲኤስሲውን አስገባሁ። ወደ ኋላ ሲመለሱ ሆም ሲኤስሲ ማስገባት የአዲሱን አንድሮይድ ዳታ ለአሮጌው ማሸከም ነው፤ ስልኩ ሎጎ ላይ ይቀራል። «ፓስ» ካለ በኋላ የመጀመሪያው ማብራት ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በመሃል አታጥፉት።

ሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ የመጫኛ ፕሮግራሙ ኤስፒ ፍላሽ ቱል ነው፤ አደጋውም ሌላ ነው። ሳምሰንግ የማይሆነውን ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አልቀበልም ይላል፣ እዚህ ግን ያዘዛችሁትን ይጽፋል። ስሙ አንድ ሆኖ ራሙና ማስቀመጫው የሚለያይ ስልክ አለ፤ ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ባለው ስም ሳይሆን በቢልድ ቁጥሩ (በሶፍትዌሩ መለያ) ነው ፋይል የምፈልገው። 4032 የሚል ስህተት ከመጣ ፕሮግራሙ የስልኩን ራም ማስነሳት አልቻለም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ የሌላ ቢልድ ነው። ደጋግሞ በመሞከር አይፈታም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው «ፎርማት ኦል» የሚለውን ምርጫ ነው። ኤንቪራም የሚባለውን ክፍል አብሮ ይጠርጋል። እዚያ ያሉት አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር)፣ የዋይፋይና የብሉቱዝ አድራሻ፣ የኔትወርክ ማስተካከያ ናቸው፤ ከየትም አይወርዱም፤ የዚያ ስልክ ብቻ ናቸው። ከጠፉ ስልኩ ይበራል፣ ያምራል፣ ግን ኔትወርክ የለውም፤ ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥም «ኤንቪራም ዋርኒንግ» የሚል ስም ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ «ሪድባክ» የሚለው ገጽ ላይ እሄዳለሁ። ስካተር ፋይሉን (የማስቀመጫውን ክፍሎች የሚዘረዝረውን) በኖትፓድ ከፍቼ የኤንቪራምን፣ የኤንቪዳታን፣ የፕሮቴክት 1ንና የፕሮቴክት 2ን መነሻ አድራሻና መጠን አንድ በአንድ ገልብጬ ወደ ኮምፒውተር አነባቸዋለሁ። ሁሉም ሲጠናቀቅ በስልኩ የቢልድ ቁጥርና በቀኑ ሰይሜ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ነው «ዳውንሎድ ኦንሊ» መርጬ የምጭነው። አንዳንዱ አዲስ ቺፕ የማረጋገጫ ፋይል ካላገኘ አያስነብብም፤ ያን ጊዜ ባልነካው እመርጣለሁ።

ሬድሚ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ ሆኖ ግሎባል ሶፍትዌር የተጫነበት ስልክ ገበያችን ውስጥ አለ። ሚ ፍላሽ (የሬድሚ ሶፍትዌር መጫኛ ፕሮግራም) ከታች በኩል «ክሊን ኦል ኤንድ ሎክ» ተመርጦ ከከፈተላችሁ ወደ «ክሊን ኦል» ቀይሩት። ግሎባል ሶፍትዌር ያለበት የቻይና ስልክ ቡትሎደሩ ከተቆለፈ «ይህ ስሪት በዚህ ስልክ ላይ አይጫንም» ብሎ ይቀራል፤ መልሶ ማስከፈቱም ከባድ ነው።

ሊኒየጅኦኤስን የመሰለ ሮም (ከስልኩ አምራች ውጭ የተሠራ አንድሮይድ) የሚጠይቁኝ አሉ። ሳምሰንግ ላይ የውጭ ሶፍትዌር ሲጫን ኖክስ የሚባለው ምልክት ወደ 1 ይዞራል፤ ሲኪዩር ፎልደር ከዚያ ወዲያ አይሠራም፣ ኦሪጅናሉ ቢመለስም አይስተካከልም። የባንክ መተግበሪያዎችም አንዳንዶቹ አይከፈቱም። ገንዘቡን በስልኩ ለሚያንቀሳቅስ ሰው አልጭንም፤ አፕዴት ለቆመበት ትርፍ ስልክ ግን ጥሩ ነው። በሳይድሎድ (ከኮምፒውተር በገመድ ወደ ሪከቨሪ በመላክ) ሲጫን ኮምፒውተሩ ላይ 47 በመቶ ደርሶ ቢቆም ስልኩን አትንቀሉት፤ ብዙ ጊዜ ያ ማለት አልቋል ነው፤ ማረጋገጫው የስልኩ ስክሪን ላይ አለ።

ኤ13ቱን ከማስረከቤ በፊት ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውዬ ሁለቱን አይኤምኢአይ ከካርቶኑ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። በሁለቱም ሲም ደውዬ፣ ዋይፋይ፣ ካሜራና የጣት አሻራውን ሞከርኩ፤ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ገብቼ «ኦቶማቲክ ሲስተም አፕዴት» የሚለውን አጠፋሁ፣ ያለበለዚያ ራሱ ወደ 14 ሊመለስ ይችላል።