ከልብ ወለዱ እስከ ከሎደን ሜዳ

‹አውትላንደር›ን አንብባችሁ ወይም አይታችሁ ስኮትላንድ መሄድ ካማራችሁ፣ ትልቁን አውቶቡስ ተዉትና ትንሿን ቫን ያዙ። ለምቾቱ ብዬ አይደለም። የዚህ ጉዞ ጣዕሙ አስጎብኚውን ጠጋ ብሎ «ይሄ በእውነት የሆነ ነው ወይስ ደራሲዋ የፈጠረችው?» ማለት ነው። ሃምሳ ሰው በተጫነበት አውቶቡስ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም መልሱን የሚሰማው የፊት ወንበር ብቻ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አሜሪካዊቷ ዲያና ጋባልዶን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያሳተመችው በ1991 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ክሌር የምትባል ነርስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ተነስታ፣ ክብ ሠርተው በቆሙ ጥንታዊ ድንጋዮች መሃል አልፋ 1743 ላይ ትወድቃለች። እዚያ ጄሚ ፍሬዘር የሚባል የሰሜኑ ደጋ ወጣት ታገባለች። ከዚያ ታሪኩ ወደ አንድ ቀን ይገሰግሳል፤ ወደ ኤፕሪል 16፣ 1746፣ ወደ ከሎደን ጦርነት። በ2014 በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ እምብዛም ሰው የማይቆምባቸው ግንቦችና መንደሮች በጎብኚ ተጥለቅልቀዋል።

የእኛ ቫን 16 መቀመጫ ነበራት። ሾፌሩም አስጎብኚውም አንድ ሰው ነው፤ እዚያ ብዙዎቹ ትንንሽ ግሩፖች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ባለ ሽንሽን ጉርድ) ለብሷል፣ ጆሮው ላይ ማይክ አንጠልጥሏል። ከኋላው እናትና ልጅ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ፣ ባልና ሚስት፣ ሌሎችም ነበሩ። ባልየው መጽሐፉን ገልጦት አያውቅም። ሚስቱ ግን ሁሉንም ክፍል ደጋግማ አንብባዋለች።

ከኤደንብራ ስንወጣ በፕሪንስስ ጎዳና ምዕራባዊ ጫፍ የቅዱስ ዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን አለፍን። በጉዞው ዝርዝር ውስጥ የለም። እኔ ግን አንገቴን አዙሬ አየሁት። ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት በ2001 ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለአስጎብኚው ነገርኩት። ቀይ መብራት ይዞት ነበርና ዞር ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያ በማይኩ ለሁሉም ደገመላቸው። ሴትዮዋ ነርስ «ማን ወሰደው? መቼ?» እያሉ እስከ ድልድዩ ድረስ ጠየቁኝ። ትንሽ ቫን የምለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው መቆሚያ ሚድሆፕ ነው። በታሪኩ የጄሚ አባት ቤት፣ ላሊብሮክ። በልብ ወለዱ ሰሜኑ ደጋ መሃል ያለ ርስት ነው፤ በእውኑ ግን ከኤደንብራ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የግል ይዞታ ስለሆነ ከፍሎ መግባት ያስፈልጋል፣ የሚታየውም ከውጭ ብቻ ነው። ውስጡ ባዶ ነው። እናትና ልጅ በቅስቱ በር ሥር ቆመው ተቃቅፈው ፎቶ ተነሱ። ደስታቸው ልብ ይነካል። እኔን ብዙም አልያዘኝም፤ ሕንፃው የሚያምር ቢሆንም ታሪኩን የሚነግረኝ ሰው ካልኖረ ድንጋይ ነው።

ኩረስ ግን ሌላ ነገር ነው። በፎርዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች፣ መንገዷ በኮብል ድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ መንደር ናት። ቢጫ ቀለም የተቀባው ‹ቤተ መንግሥት› የንጉሥ አይደለም። ጆርጅ ብሩስ የሚባል ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ሀብቱን ያገኘው ከባሕር ሥር ድንጋይ ከሰል እያስቆፈረ ነው፣ ያውም ከ400 ዓመት በፊት። ከጀርባው ያለው የአትክልት ቦታ በፊልሙ ክሌር መድኃኒት ቅጠል የምትለቅምበት ነው። አደባባዩ ደግሞ ጠንቋይ ናችሁ የሚባሉ ሴቶች የሚሰቃዩባት መንደር ሆኖ ተቀርጿል።

አስጎብኚያችን እዚህ አደባባይ ላይ ሰብሰብ አደረገን። «በታሪኩ የጥንቆላው ችሎት የተካሄደው መቼ ነው?» አለ። የመጽሐፉ አፍቃሪ ሚስት ወዲያው «በ1743» አለች። «በስኮትላንድ ጠንቋይ ነሽ ብሎ መግደልን የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1563 ነው። የተሻረው በ1736 ነው። ስለዚህ ያ ችሎት በሕግ ሊኖር አይችልም ነበር» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ነገረን። በዚያ ሕግ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ተከሰሱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ተገድለዋል ተብሎ ይገመታል፤ አንቀው ከገደሏቸው በኋላ ያቃጥሏቸው ነበር። በማርች 2022 የስኮትላንድ ቀዳማዊት ሚኒስትር ኒኮላ ስተርጅን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ልብ ወለዱ ሰባት ዓመት አሳስቷል፤ ያንን ጥያቄ እንድንጠይቅ ያደረገን ግን እሱ ነው። ለእኔ ዋጋው ይኸው ነው።

በዱን ግንብ ብዙ አልቆየንም። በፊልሙ የጄሚ አጎቶች የሚኖሩበት ግንብ፣ ካስል ሊዮክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፦ ጃኮባይቶች፣ ማለትም ከዙፋን የተባረረውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ሊመልሱ የተነሱት፣ በጃንዋሪ 1746 ፎልከርክ ላይ ካሸነፉ በኋላ የማረኳቸውን ሰዎች ያሰሩት እዚህ ነበር። ከእስረኞቹ መካከል በኋላ ታዋቂ ጸሐፌ ተውኔት የሆነው ጆን ሆም ነበረበት። እሱና ጓደኞቹ አንሶላ ቋጥረው በመስኮት ወርደው አመለጡ። ከታች ሆኜ ግድግዳውን ቀና ብዬ አየሁት። ልብ የሚያርድ ከፍታ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን። በኤ9 መንገድ ረጅም ጉዞ፣ ቡናማ ተራራ፣ በጎች፣ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ እንደገና ዝናብ።

ከኢንቨርነስ ወጣ ብሎ ክላቫ የሚባል ቦታ አለ። ወደ 4,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መቃብሮች፣ ዙሪያቸውን በቆሙ ድንጋዮች የተከበቡ። ክሌር ያለፈችበት ክሬግ ና ዱን የሚባል ቦታ በእውን የለም። በፊልሙ የምታዩዋቸው ድንጋዮችም ሰው ሠራሽ ናቸው፣ ኪንሎክ ራኖክ አጠገብ ኮረብታ ላይ አቁመዋቸው ነው የቀረጹት። ሰው ግን ክሌር ያለፈችባትን የምትመስል፣ ለሁለት የተሰነጠቀች አንዲት ድንጋይ ክላቫ ላይ ስላገኘ እጁን እየጫነ ፎቶ ይነሳል። አስጎብኚያችን አልከለከለንም። «ይሄ መቃብር መሆኑን ብቻ አስታውሱ» አለን። ሁለቱ መቃብሮች መግቢያቸው የተሠራው በዓመቱ አጭሩ ቀን የምትጠልቅ ፀሐይ እንድትገባባቸው ሆኖ ነው። ያንን ሲያሳየን ድንጋይዋን የረሳናት ይመስለኛል።

ከሎደን ከዚያ በጣም ቅርብ ነው። መጀመሪያ ስታዩት ምንም የለም። ሜዳ ነው፤ ረግረግ፣ ሣር፣ ቁጥቋጦ። በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ በሌላ በኩል ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል። ሰማያዊው የጃኮባይቶቹ መስመር ነው። ቀዩ የመንግሥት ጦር ነው። አስጎብኚያችን ከሁሉ በፊት ያስረገጠልን ነገር ይህ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ጦርነት አለመሆኑን ነው። በቀዩ መስመርም ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ወንድም ከወንድሙ ተታኮሷል።

በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል በእግር ወሰደን። በሩጫ ያጠቁበትን ርቀት በራሳችን እግር እንድናውቀው። እየተራመደ አወራን። ከዋዜማው ጀመረ። የመንግሥቱ ጦር አዛዥ የከምበርላንድ መስፍን ኤፕሪል 15 ቀን 25 ዓመት ሞላው። ጃኮባይቶቹ «ጠጥተው ይተኛሉ፣ በሌሊት እንድረስባቸው» ብለው የመንግሥቱ ጦር ወደሰፈረበት ወደ ኔርን ገሰገሱ። ሳይደርሱ ሊነጋ ሆነ። ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ የቀመሱት አንዳንድ ብስኩት ነው። ያንን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ ሳይበሉ፣ ሳይተኙ፣ በዚህ ረግረግ ላይ መድፍ ፊት ቆሙ። ውጊያው አንድ ሰዓት አልሞላም። ከጃኮባይቶቹ 1,500 ገደማ ሰው አለቀ። መንግሥት ለራሱ የመዘገበው ሟች 50 ነው። ቆስለው ሜዳው ላይ የቀሩት ብዙዎቹ እዚያው ተገደሉ።

መሬቱ ጫማ ይይዛል። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ጭቃው ወደ ታች ይስበኛል። በዚህ ላይ ጎራዴ ይዞ መሮጥ ምን እንደሆነ መጽሐፉ አልነገረኝም፣ ፊልሙም አላሳየኝም።

ከዚያ የመቃብር ድንጋዮቹ። ‹የፍሬዘር ጎሳ› የሚለው ዙሪያው ከሌሎቹ ይልቅ ተረግጧል። አበባ ተቀምጦበታል። ሰው የሚመጣው ለጄሚ ነው፤ ጄሚ ግን አልተፈጠረም። እናትና ልጅም አበባ ይዘው ነበር። ልጅቱ ቆም አለችና «ለማን ነው የማስቀምጠው?» አለች። አስጎብኚው እንዲህ መለሰላት፦ «ድንጋዮቹ የቆሙት በ1881 ነው፣ ከጦርነቱ 135 ዓመት በኋላ። ከሥራቸው በትክክል ማን እንዳለ ማንም አያውቅም። ግን ሰዎች አሉ። ለእነሱ አስቀምጪው።» ከመንገዱ ሳትወጣ ጎንበስ ብላ ዳር ላይ አኖረችው።

ወደ ቫኗ ስንመለስ ባልየው፣ መጽሐፉን ያልገለጠው ሰውዬ፣ ጥያቄውን አላቆመም። የፍሬዘሮቹ አለቃ ምን ሆነ? የታሪኩ ጄሚ አያት ተደርጎ የተሳለው ሎርድ ሎቫት በእውን የነበረ ሰው ነው። በኤፕሪል 1747 ለንደን ላይ አንገቱ ተቀላ። በብሪታንያ በዚያ መንገድ የተገደለ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ኪልቱስ? ከከሎደን በኋላ በወጣው ሕግ የደጋው ወንድ ሁሉ የአባቱን ልብስ እንዳይለብስ ተከለከለ፤ ከንጉሡ ወታደሮች በቀር። ክልከላው እስከ 1782 ቆየ። አስጎብኚያችን ይህን ሲናገር ኪልቱን በእጁ አስተካከለ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። የመግቢያ ክፍያ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው፣ የትኛው እንደተካተተ እወቁ። ውኃ የማያስገባ ጫማ ያዙ። መኪናዋ ስንት ሰው እንደምትይዝ ጠይቁ። ከሎደን ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆሙ፣ አስጎብኚውም ሜዳው ውስጥ አብሯችሁ ይገባ እንደሆነ ጠይቁ። አርባ ደቂቃ ካሏችሁ፣ ወይም በር ላይ ይጠብቃችኋል ካሏችሁ፣ ሌላ ፈልጉ።