«3፡00» ያልነው ሰዓት

ከዲላ የመጣችው ልጅ ቢሯችን በር ላይ የደረሰችው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጥበቃ ላይ የነበሩት ጋሼ ወደ ቢሮዬ ደውለው «ልጄ፣ ለፈተና ነው የመጣሁት የምትል አንዲት ልጅ እዚህ አለች» ሲሉኝ ለጊዜው ግራ ገባኝ። ቃለ መጠይቁ ጠዋት አልቋል፤ ፈታኞቹም ተበትነዋል። ወርጄ ሳያት ጥቁር ኮትና ጉርድ ለብሳ፣ የማስረጃ ፋይሏን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ከመንገድ እንደመጣች ቢያስታውቅባትም ፈገግ ብላ «ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ፤ ችግር የለውም አይደል?» አለችኝ።

ጥሪውን ጽፌ የላክሁት እኔ ነኝና ያቺን ጥያቄ እስካሁን አልረሳኋትም።

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በሰው ሀብት ባለሙያነት እሠራለሁ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለአንድ የሒሳብ ባለሙያ ቦታ ማስታወቂያ አውጥተን ከአመልካቾቹ ሰባቱን ለቃለ መጠይቅ መረጥን፤ ሁለት ሰው ደግሞ በተጠባባቂነት ያዝን። ሐሙስ ጥቅምት 28 ቀን ለሰባቱም ጥሪውን በኢሜይል ላክሁ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው። ድሮ ከተቀመጠ ናሙና ላይ ቀኑንና የሥራ መደቡን ብቻ ቀይሬ ነበር የላክሁት። «ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12፣ 3፡00፣ በዋናው ቢሮ» ይላል። ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ አይልም። እኔ በልቤ የያዝኩት ከጠዋቱ 3 ሰዓትን ነው። ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል አእምሮዬ ላይ አልመጣም።

እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ነው የምንቆጥረው። ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በፈረንጆች 9፡00 ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት የምንለው ደግሞ በእነሱ 3፡00። ልዩነቱ ሁልጊዜ 6 ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ገበያም ቀብርም ሠርግም ላይ ማንም አይሳሳትም። ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ወሩ ኖቬምበር ተብሎ፣ ሰዓቱ ብቻ በሀበሻ ሲሆን አንባቢው በየትኛው ይቁጠር? ቀኑን በፈረንጅ የጻፈ ሰው ሰዓቱንም በፈረንጅ ጽፏል ብሎ ማንበብ ተገቢ ነው። ረጋ ብዬ ሳስበው የዲላዋ ልጅ ከእኔ የተሻለ ነበር ያነበበችው።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ ግን አንድ መልስ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፤ ከሻሸመኔ ያመለከተ ወጣት የጻፈው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ላመለከትኩበት የሒሳብ ባለሙያ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ኅዳር 3፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 12፣ በዋናው ቢሯችሁ እገኛለሁ። ሰዓቱ 3፡00 ይላል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ እባክዎ ያሳውቁኝ። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን ዋናውንም ኮፒውንም ይዤ እመጣለሁ። በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ካለ ተዘጋጅቼ እንድመጣ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከሻሸመኔ ስለምመጣ ቢሮው የት አካባቢ እንደሆነ ቢጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።» ከሥር ሙሉ ስሙና ስልኩ አለ።

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አጭር ነው። «ይህን ዕድል በማግኘቴ የተሰማኝን ወሰን የሌለው ደስታ» የሚል ነገር የለበትም፤ ስለ ራሱ ብቃትም አንድ ቃል አልጨመረም፤ እሱ ለቃለ መጠይቁ ቀን የሚቆይ ነው። ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተቀረው ሁሉ ሥራ ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈው። ሰዓቱን «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ዝም ብሎ አልጠየቀም። የገባውን ነገረኝና እንዳርመው ዕድል ሰጠኝ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኔ ባልመልስለት እንኳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የቢሮውንም ቦታ መጠየቁ ትክክል ነው፤ ጥሪው ላይ የነበረው ክፍለ ከተማና የቤት ቁጥር ብቻ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ለባጃጅ ሹፌር የቤት ቁጥር ብትነግረው አያደርስህም። ከገብርኤል በየት በኩል፣ ከመናኸሪያው ስንት መታጠፊያ ብለህ ነው የምትነግረው።

የኮምፒውተሩ ጥያቄ ደግሞ አስደነገጠኝ። ለካ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና እንዳለ ጥሪው ላይ አልጻፍንም! ለፈታኞቹ የታወቀ ነገር ስለሆነ ለተፈታኞቹም የታወቀ መስሎን ነበር።

ከዚያ ምን አደረግሁ? በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለስኩለት። አዎ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የፒችትሪ ፈተና አለ፤ ባጃጅ ስትይዝ እንዲህ በል። ለእሱ ለአንዱ። ሌሎቹ ስድስቱ ያችኑ «3፡00» ይዘው ተቀመጡ። ጥሪውን የላክሁት የአንዱ አድራሻ ለሌላው እንዳይታይ አድርጌ ነው፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ስለዚህ እሱ ቢፈልግ እንኳ ለሌሎቹ ሊነግራቸው አይችልም። ሰባቱንም የማውቃቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ሰው ሰዓቱ ግልጽ አይደለም ብሎ በትህትና ሲጠይቀኝ፣ የጠየቀኝ ስለ ሰባቱም እንደሆነ መረዳት ነበረብኝ።

ሌሎቹም መልስ ሳይሰጡ ቀርተው አይደለም። ሁለቱ «ኦኬ፣ ቴንክ ዩ» ብለው ጽፈዋል፤ አንዷ የዲላዋ ልጅ ናት። አንዱ እዚሁ ሀዋሳ ስለሚኖር ስልክ ደውሎ ጠየቀኝና በቃል ነገርኩት። አንዱ በቴሌግራም አውራ ጣት ላከልኝ። ሁለቱ ዝም አሉ። «ኦኬ» ያለውን ሰው ሳነብ የተግባባን መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ቃሉ ምንም እንዳልነገረኝ አያለሁ። እሷ ለከሰዓቱ «ኦኬ» ብላለች፣ እኔ ለጠዋቱ ተቀብያለሁ፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን ኮምፒውተራችንን ዘጋን።

በነገራችን ላይ ከመልሶቹ አንዱ የጀመረው «ሚስተር» ብሎ በአባቴ ስም ነው። እኔ ሴት ነኝ። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አጻጻፍ መማሪያዎች ከማዕረጉ ቀጥሎ የመጨረሻውን ስም ጻፉ ይላሉ፤ ለፈረንጅ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው። አቶም ወይዘሮም የሚቀጠለው ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍም ይህ አይቀየርም። ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀ ደግሞ ሙሉ ስሙን መጻፍ ማንንም አያስቀይምም። ይህን ያነሳሁት ቅር ብሎኝ አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች እንዲህ እየጻፉ ስለማይ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አራት ሰው መጣ። እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ዝም ካሉት አንዱን ስደውልለት ሌላ ቦታ ሥራ ከጀመረ ሳምንቱ እንደሆነ ነገረኝ። ድምፁ ውስጥ ሐፍረት ስለነበር ምንም አላልኩትም። ነገር ግን ሐሙስ ዕለት «ሌላ ሥራ ስለያዝኩ አልመጣም፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ቢጽፍልኝ ተጠባባቂዎቹን እጠራ ነበር። አንደኛው ተጠባባቂ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ፣ ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገ ልጅ ነው። የእሱ ወንበር ያን ቀን ባዶውን ዋለ። ሰው ጥሪን እንቢ ማለት የሚያስቀይም ይመስለዋል፤ እኔ በዚህ ሥራ ላይ እንቢ ብሎ በጊዜ በጻፈ ሰው የተቀየመ አላየሁም። ሌላው ዝም ያለው ስልኩ አልሠራም። የዲላዋም ጥሪ አይቀበልም ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እኛ ስሟን ስንጠራ፣ እሷ ዲላ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቅ እንደነበር ኋላ ነው የነገረችኝ። መንገዱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሀዋሳ ከገባች በኋላ ደግሞ ባጃጁ ሌላ ቦታ አድርሷት ቢሮውን በእግሯ እየጠየቀች ነው ያገኘችው።

እንግዲህ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ቆመን ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ መልእክቱን ከፈተች፤ «3፡00»ን በጣቷ አሳየችኝ። አልተቆጣችም። ቢሮዬ አስገብቼ ሻይ አስመጣሁላት፤ አልነካችውም። «ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። «እኔ ነኝ በትክክል መጻፍ የነበረብኝ» አልኳት። ይህን ያልኩት ለማጽናናት አልነበረም። ጥሪ የሚልክ ሰው ሰዓቱን ግልጽ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ተጠሪው የሚጨምረው ማረጋገጫ ሁለተኛ ቁልፍ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የፋይናንስ ኃላፊያችን ከሰዓት ይርጋለም ሄዶ ነበርና ያን ቀን ኮሚቴውን መሰብሰብ አልተቻለም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የሻሸመኔው ልጅ ዓርብ እንደጠየቀኝና ለእሱ ብቻ እንደመለስኩም ጭምር። በተለይ የፒችትሪው ነገር ከበደው። «አንዱ ፈተና እንዳለ አውቆ ሲገባ ሌሎቹ ሳያውቁ ገብተዋል ማለት ነዋ» አለ። እውነቱን ነው። ሰዓቱን ብቻ እያሰብኩ ስለነበር ይህ ለእኔ አልታየኝም ነበር። ለአንዱ ተወዳዳሪ የተነገረ ነገር ለሁሉም ካልተነገረ ውድድሩ እኩል አይደለም፤ ጠያቂው ግን ምንም አላጠፋም፣ መጠየቅ መብቱ ነው። በመጨረሻ የፒችትሪው ፈተና ረቡዕ ከሰዓት ለሁሉም በአዲስ ጥያቄ እንዲደገም፣ የዲላዋ ልጅም ጠዋት ቃለ መጠይቋን እንድትሰጥ ተወሰነ። ሁለቱ ፈታኞች አጉረመረሙ፤ ግን መጡ። ልጅቷ ታቦር አካባቢ አክስቷ ጋ አደረች።

ያን ምሽት ቢሮ ቆይቼ አዲሱን መልእክት ለአምስቱም ጻፍኩ። «ረቡዕ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 13፣ 2፡00 ከሰዓት በኋላ» ብዬ። ከሥሩ የገባቸውን ቀንና ሰዓት መልሰው እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ። አምስቱም እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መለሱ። ያ አውራ ጣት የላከው ልጅ ሳይቀር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ሰዎች እንዴት መመለስ እንዳለባቸው አያውቁም እያልን እናማርራለን እንጂ፣ ምን እንደምንፈልግ በቅጡ ጽፈን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ቦታውን ያገኘው ስልክ ደውሎ የጠየቀኝ የሀዋሳው ልጅ ነው። የሻሸመኔው ሁለተኛ ወጣ። ያን የመሰለ መልስ የጻፈ ሰው ቢያሸንፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ጥሩ መልስ ነጥብ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። በር ድረስ በሰዓቱና ተዘጋጅቶ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሙያ ነው። የዲላዋ ልጅ በፒችትሪው ከአምስቱ ሁሉ በለጠች፤ በቃለ መጠይቁ ግን ድምፇ ይንቀጠቀጥ ነበርና ሦስተኛ ሆነች። ማክሰኞ ያን ሁሉ ባታይ ኖሮ እንዴት ትሆን ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ሚያዝያ ላይ ደወለችልኝ። «ይቅርታ፣ ልረብሽዎት ነው» ብላ ጀመረች። አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ፣ መልሱን ከመላኳ በፊት እንድሰማላት ፈልጋ ነው። አነበበችልኝ። ምስጋና፣ የሥራው መደብ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የምትይዘው ማስረጃ፣ ስልኳ። «የጠራኝን ሰው አቶ ብዬ በራሱ ስም ነው የጻፍኩት፤ ልክ ነው አይደል?» አለች። ልክ ነው፣ ምንም አልጎደለውም፣ ላኪው አልኳት።

«ቆይ፣ ሰዓቷን አንዴ ልድገማት» አለችና ቀስ ብላ አነበበችልኝ፤ «ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ 10፡00።» ከዚያ ላከችው።