በሶ ይዤ 226 ኪሎ ሜትር፦ ለመጀመሪያው አይረንማን እንዴት ተዘጋጀሁ

አበሻ «ማራቶን ልሮጥ ነው» ቢል ማንም አይደነቅም። «ጎበዝ!» ይባላል፣ ያልቃል። እኔ «አይረንማን ልወዳደር ነው» ስል ግን የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ዋና ትችያለሽ እንዴ?»

አልችልም ነበር። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ሰፈር ዋና የሚማር ልጅ አላየሁም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በተለይ በጉልምስና ከውኃ ጋር ለምትተዋወቁ፣ ሥራና ቤተሰብ ላላችሁ፣ ግን ይህን ረጅም ውድድር በልባችሁ ለያዛችሁ ነው።

ለማታውቁት፦ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በተከታታይ። ነገሩ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ነው። ጆን ኮሊንስ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንንና ባለቤቱ ጁዲ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ለየብቻ ይካሄዱ የነበሩ ሦስት ውድድሮችን አንድ ላይ አገናኟቸው። በዚያ ዓመት 15 ሰዎች ተነሡ፣ 12ቱ ጨረሱ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ዛሬ በአብዛኛው ለመጨረስ 17 ሰዓት ይሰጣል። ልቤ የቆረጠው ይህን ቁጥር ያየሁ ቀን ነው። 17 ሰዓት ከሰጡ፣ ቦታው ለፈጣን ብቻ ሳይሆን ለታጋሽም ነው ማለት ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነርስ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት እሠራለሁ። የመረጥኩት አይረንማን ሜሪላንድን ነው። የሚካሄደው ካምብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና። ቅርብ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። አውሮፕላን የለም፣ ብስክሌት ፈታቶ በሣጥን መጫን የለም፣ መንገዱንም ቀድሞ ሄዶ መለማመድ ይቻላል።

ዋናውን የጀመርኩት በሰፈራችን የሕዝብ መዋኛ ነው። አስተማሪዬ መጀመሪያ ምንም አላዋኘችኝም። የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ፊቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ ትንፋሼን በአፍንጫዬ ማስወጣት ብቻ። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ቀና ብዬ አየር እስባለሁ፤ እንደገና። ለብዙ ቀን ይኸው ነበር። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ ውኃ ውስጥ ያ ጭንቀት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኦክስጅን አልቆ ሳይሆን፣ ያላስወጣነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ ነው። ሰው ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲይዝ ደግሞ ይብስበታል። ማስወጣት የለመደ ሰው ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል። አዋቂ ሆኖ የሚጀምር ከሁሉም በፊት ይህን ይልመድ እላለሁ። እጅና እግር ቆይቶ ይመጣል።

ሯጭ ለሆነ ሰው ሌላም ነገር አለ። ሯጭ የሚተማመነው በእግሩ ነው፤ ውኃ ውስጥ ግን እግር ወደ ታች ይጎትታል። ደረትን ትንሽ ጫን ሲያደርጉት ዳሌ ከፍ ይላል፣ እግርም ይከተላል። ጉልበት መጨመር አይደለም መፍትሔው። በተለይ ለረጅም ርቀት እግርን ለብስክሌቱና ለሩጫው ማቆየት ያስፈልጋል።

ሴቶች የሚጠይቁኝ ደግሞ ስለ ፀጉር ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ሹሩባ እሠራለሁ። ገንዳ ከመግባቴ በፊት ፀጉሬን በንጹሕ ውኃ በደንብ አርሰውና ኮንዲሽነር እቀባዋለሁ። ቀድሞ ውኃ የጠጣ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይመጥም። ከዚያ ለረጅም ፀጉር የሚሠራውን ሰፊ የሲሊኮን ኮፍያ። ተራው ኮፍያ ሹሩባ ላይ አይቀመጥም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይሸሻል። በፀጉራቸው ምክንያት ዋናን የተዉ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ከገንዳ ወደ ወንዝ መውጣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የካምብሪጁ ዋና ቾፕታንክ ወንዝ ላይ ነው። ውኃው ድፍርስ ነው፤ የገዛ እጅህ አይታይም። ከታች መስመር የለም፣ የምትይዘው ጠርዝም የለም። በበጋ ደግሞ የሚለበልብ ጄሊፊሽ አለ። ስለዚህ የበጋውን ልምምድ ከሌሎች ጋር፣ ወገቤ ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ተንሳፋፊ አስሬ አደረግሁት። ብቻውን ክፍት ውኃ የሚገባ ሰው አይኑር። የተማርኩት ዋናው ነገር በየጥቂት ቀዘፋው ዓይኔን ብቻ ከውኃው በላይ አውጥቼ ምልክቱን ማየት ነው። ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ ከተነሣ ዳሌ ይሰምጣል። ዌትሱት የሚባለው ጎማ መሰል የዋና ልብስ ያንሳፍፋል፣ ይረዳል። ግን በአሜሪካ ሕግ የውኃው ሙቀት ከ24.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ለብሶ ለሽልማት መወዳደር አይቻልም። በመስከረም ያ ወንዝ ወደየት እንደሚያዘነብል ስለማይታወቅ ያለ እሱም ርቀቱን መልመድ ግድ ነበር።

ብስክሌት ላይ ሰው «ሜዳ ነው» ሲሉት ቀላል ይመስለዋል። ሜዳ ላይ ቁልቁለት የለም፤ ቁልቁለት ከሌለ ደግሞ ዕረፍት የለም። 180 ኪሎ ሜትር ሙሉ ፔዳሉ አይቆምም፣ አቀማመጥም አይቀየርም። የሚደክመው እግር ብቻ አይደለም፤ አንገትና ወገብ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሄይንስ ፖይንት ላይ የምሽከረከረው ለዚህ ነበር። ዙሪያው ውኃ ነው፣ ነፋሱ አይጣል ነው፣ መንገዱ ልጥ ያለ ሜዳ ነው። ለረጅሙ ቀን ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል የሚሄደው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ፤ 72 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ ቀኑን ይሞላል።

ብስክሌት ያስተማረኝ ሰው በወጣትነቱ አገር ቤት ይወዳደር የነበረ ትልቅ ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ፣ በዚያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ጋሼ በየቀኑ ያለቀሰ ሰው ነው። እኔን ከመጋለብ በፊት ጎማ መቀየር አስተማረኝ። የኋላውን፣ በጨለማ፣ እጄ በላብ እያዳለጠ። «መንገድ ላይ ጎማሽ ሲተነፍስ ማንም አይደርስልሽም፣ ልጄ። ይህን ከቻልሽ ሌላው ልብሽ ያርፋል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ጎማ የሚቀይር ሰው ሲጋልብ ትከሻው ራሱ ዘና ይላል።

ካምብሪጅ ሄደን መንገዱን ጋልበነዋል። ብላክዋተር የሚባለው የዱር አራዊት መጠለያ ውስጥ ያልፋል። ግራና ቀኝ ረግረግና ሸንበቆ ነው፤ ንስሮች አሉ። ማዕበሉ ከፍ ሲል ባሕሩ አስፋልቱ ላይ የሚወጣበት ቦታም አለ። ሃሪየት ተብማን የተወለደችው እዚያው ዶርቼስተር ካውንቲ ውስጥ ነው። ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ለማውጣት ተመልሳ ትመጣ የነበረው በዚያ ረግረግ፣ በሌሊት፣ በእግሯ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ስለ ነፋስ ማማረር አልሆነልኝም።

ሩጫው ላይ ብዙ አልቆይም። የሚከብደው ማዝገሙ ነው። እኛ አበሾች ሰው ሲያልፈን ደማችን ይሞቃል። ለዚህ ውድድር ግን አብዛኛው ልምምድ ያለ ማለክለክ ማውራት በሚቻልበት ፍጥነት ነው የሚደረገው። በየሳምንቱ ከረጅም ግልቢያ ወርጄ ወዲያው እሮጣለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እግሩ የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ከዚያ ይመለሳል። ሰውነት ያንን «ይመለሳል» ማወቅ አለበት፤ ልምምዱ ለዚያ ነው። ሌላው የወሰንኩት ነገር ውኃ በሚታደልበት ቦታ ሁሉ መራመድ ነው። ቆም ብሎ በሥርዓት የጠጣ ሰው መጨረሻ ላይ ይሮጣል።

አሁን ወደ ምግብ ልምጣ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ልብ እሱ ነው።

እንዲህ ባለ ውድድር ሰውነት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ሆድ ግን ይህን በአንድ ቀን አይለምድም። እንደ ጡንቻ መሠልጠን አለበት። ፈተናው የልምምዱ ከባዱ ወቅት ፍልሰታ ላይ መውደቁ ነበር። ውድድሩ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ረጃጅሞቹ ግልቢያዎች ነሐሴ ላይ ናቸው። ጾሙን መተው አልፈለግሁም። የንስሐ አባቴን አማከርኩ። «ከጾሙ አትውጪ፣ ልጄ፤ ሰዓቱን ግን እንደ አቅምሽ አድርጊው» አሉኝ። እንደዚያው አደረግሁ። አጭሩን ልምምድ ቅዳሴ በሌለበት ጠዋት፣ ረጅሙን ደግሞ እየበላሁ።

የሚገርመው፣ የአትሌት ምግብ የሚባለው አብዛኛው ጾም ነው። አንድ ትልቁ ዓይነት ተምር 18 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ድንች ቀቅሎ ጨው ነስንሶ በላስቲክ መያዝ። ሙዝ። እና በሶ! እማዬ ገብሱን እዚሁ ቆልታ አስፈጨችልኝ። በውኃ፣ በስኳርና በጨው አሽታ በአውራ ጣት ልክ ታድበለብልልኛለች፤ እያንዳንዱን በወረቀት እጠቀልለዋለሁ። ማልያዬ የጀርባ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በአንድ እጅ መሪውን ይዞ በሌላው ማውጣት ይቻላል። በሶ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አሰር አለው፣ ሆድ ላይ ይከብዳል። እኔ ግልቢያው የመጀመሪያ ሰዓቶች ላይ፣ ሆድ ገና ሰላም ሳለ እበላዋለሁ። ከእኩለ መንገድ በኋላ ተምርና ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚሸጥ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ)። ሩጫ ላይ ጄልና ኮካ ብቻ።

ከግልቢያ በኋላ ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ተልባ። ጡንቻን የሚጠግን ፕሮቲን ከጾም ምግብ ማግኘት ይቻላል፤ መጠኑን ግን ማሰብ ያስፈልጋል። ሁለት ጭልፋ ምስር ለእንጀራ ማጣፈጫ እንጂ ለዚህ ልምምድ አይበቃም።

ጨውና ውኃም እንዲሁ። ከልምምድ በፊትና በኋላ ራሴን እመዝን ነበር። የጠፋው አንድ ኪሎ ወደ አንድ ሊትር ላብ ነው። የሜሪላንድ ነሐሴ ወበቅ ነው፤ ኮፍያዬ ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ነርስ ስለሆንኩ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ለሰዓታት ባዶ ውኃ ብቻ እየጨመሩ መጠጣት አደገኛ ነው። የደም ሶዲየም ይወርዳል፤ ሰው ይወላገዳል፣ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። መጠጡ ውስጥ ጨው ይኑር።

ሴቶች ደግሞ ፌሪቲናችሁን፣ ማለትም ሰውነታችሁ ያከማቸውን ብረት የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ አስመርመሩ። ድካም ሁሉ የልምምድ ድካም አይደለም፤ የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት በደንብ አይመጥም። ቡናን መተው አይጠየቅም! ከምግቡ አርቆ መጠጣት ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ ነበረኝ፦ ከሌሊት ሥራ በወጣሁበት ቀን ልምምድ የለም። መጀመሪያ መተኛት። ልምምድ ሰውነትን ያፈርሳል፤ የሚሠራው እንቅልፍ ነው።

የውድድሩ ቀን ብዙ የሚነገር የለውም፤ በዝግጅቱ ነው ያለቀው። ወንዙ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ስገባ ትንፋሼን እያስወጣሁ ወደ ጠርዝ ወጣ ብዬ ቀዘፍኩ። ብላክዋተር ላይ ነፋሱ ከፊት መጣ፤ ኪሎ ሜትሩን ትቼ ሰዓቱን እያየሁ በልቼ ጠጣሁ። ማራቶኑን ሲመሽ ጀመርኩ። የካምብሪጅ ሰዎች ወንበር አውጥተው በራቸው ላይ ተቀምጠው ስምህን እየጠሩ ያበረታታሉ። እማዬ በነጠላዋ ተጠቅልላ ቆማ ነበር፤ ባለፍኩ ቁጥር «በልተሻል?» ትለኛለች። እልልታዋን ሲሰሙ ፈረንጆቹም አብረው ሞከሩት። ጊዜው ከማለቁ በፊት፣ ሰፋ ያለ ሰዓት ተርፎኝ ጨረስኩ።

አሁን «እኔስ?» ለሚሉኝ የምመክረው ከሙሉው በፊት ግማሹን ነው። እዚያችው ካምብሪጅ፣ ጁን ላይ ኢግልማን የሚባል አለ፦ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ብስክሌት፣ 21.1 ሩጫ። ሥራ ለሚበዛበት ሰው ዝግጅቱ ይቻላል፣ ልምምዱም ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገናኝ በሶው እዚያም ይሠራል። በመጸው ዋና የጀመረ ሰው የአሜሪካን ክረምት ገንዳ ውስጥ፣ ጸደዩን ክፍት ውኃ ላይ ካሳለፈ ይደርሳል። እኔም ተመዝግቤያለሁ።