በሦስት ሰዓት

እህቴ ጅማ ወልዳ፣ ልጇ ቢጫ ሆነ ብለው ሆስፒታል ሲያስተኙት፣ እኔ ከአሜሪካ ከገባሁ ገና አራተኛ ቀኔ ነበር። ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ አልፈታሁም። ከቆጪ ሰፈር እስከ ሆስፒታሉ በባጃጅ መመላለስ ሥራዬ ሆነ። ጠዋት አጥሚት፣ ማታ ገንፎ። ዝናቡንስ ተዉት፤ የጅማን ክረምት ለካ ረስቼዋለሁ።

ሕፃኑ ዓይኑን በጨርቅ ተሸፍኖ ሰማያዊ መብራት ስር ተኝቷል። እናቶቹ ያሉት አጠገቡ ባለች ክፍል፣ ፍራሽ ላይ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ይገባሉ፣ ያጠባሉ፣ ይመለሳሉ። ከእህቴ ጎን ከዴዶ የመጣች ልጅ እግር እናት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። የሷ አማርኛ የገበያ፣ የኔ ኦሮምኛ የሰፈር ነው። እንደምንም እንግባባለን።

በማግስቱ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"የእህትሽ ልጅ በጣም ነው እንዴ የታመመው? አሁንም አሁንም ትገባለች።"

"ልታጠባ ነዋ። አንቺስ?"

"እኔን ሰዓቲ ሰዲ ነው ያሉኝ።"

ሦስት ሰዓት። ጠዋት ሦስት ሰዓት አንዴ፣ ማታ ሦስት ሰዓት አንዴ። በቃ። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። የሻሿን ጫፍ አጥፋ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ደግሞ አንድ ደቂቃ አላሳለፈችም፤ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።

ሲስተሯ ጋ ሮጥኩ። ጅማ ከተመደበች ገና ወራት ነው፤ ኦሮምኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። "ኧረ በየሦስት ሰዓቱ ነው ያልኳት! እሺ ብላኛለች እኮ!"

እሺታውን ለኔ ተዉልኝ። እኔም ብዬዋለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አሜሪካ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነበር። እዚያ ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ አልጋዬ ላይ ስልክ አስቀመጡ፤ ከስልኩ ውስጥ አንድ ጨዋ ሰውዬ በአማርኛ ያወራኛል። የልጄ ቢጫነት እየጨመረ ስለሆነ ወደ ቤት ብንሄድም ነገ ለደም ምርመራ እንድንመለስ ነገረኝ። "ነገ በሦስት ሰዓት አምጪያት" አለኝ። "እሺ" አልኩ።

ሰውየው ደግነቱ ነው፣ ሰዓቱን ወደ ሀበሻ ቀይሮልኛል። እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ በፈረንጅ መቁጠር ስለማመድ ከርሜያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ ልጄን ጠቅልዬ ደረስኩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ አርፍጄ! ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፣ ዘጠኝ ይላል፤ ዳይፐር ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ባነበውም ዘጠኝ የሀበሻ መስሎኝ ያው ከሰዓት እሄድ ነበር። በየትም በኩል አላመልጥም።

ስንደርስ የልጄ ቢጫነት በምርመራው ከፍ ብሎ ተገኘ። ያን ቀን አስተኟትና መብራት ስር አደረች። ነርሷ በትህትና፣ ግን ቅር ብሏት፣ ገብቶሽ እንደሆነ ጠይቄሽ እሺ ብለሽኝ ነበር አለችኝ። አልዋሸችም። እሺ ያልኩት ግን ገብቶኝ አልነበረም። ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ፣ ደግሜ ብጠይቅ ደንቆሮ እመስላለሁ ብዬ፣ ደክሞኝም ነው።

ወደ ጅማው ልመለስ። እኔው አስተረጉማለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሲስተሯ ነገሩን ስታስረዳ "የወፍ በሽታ" የሚለው ከአፌ ቀደመኝ። በኦሮምኛም ስሙ ያው ከወፍ ነው፣ ሲምቢሮ ይሉታል። አልኩት። ጥግ ቁጭ ያሉት የልጅቷ አማት ቀና አሉ። ይሄማ የሐኪም ቤት በሽታ አይደለም፣ መርፌ ይብስበታል፣ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ፣ ተነሺ እንሂድ አሉ። ቃሉን በትክክል ተርጉሜ ሕፃኑን ከሆስፒታል ላስወጣው ነበር።

ያዳነኝ የአጋሮ ልጅ የሆነ ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም ነው። ቁልቁል አላወራቸውም፤ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በኦሮምኛ ረጋ ብሎ ነገራቸው። በጊዜያቸው ከሚወለዱ ሕፃናት እንኳ 60 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ፣ ጉበታቸው ገና ስላልጠነከረ ነው። የብዙዎቹ በራሱ ይለቃል። የዚህ ግን ስለበዛ መብራት ያስፈልገዋል፤ ዝም ከተባለ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ያ ቢጫ ነገር የሚወጣው በካካ ነው፤ ካካ እንዲኖር ደግሞ ወተት ያስፈልጋል። ካካ የሚለው ላይ ልጅቷ ሳቀች። አማቷም ሳቁ። ከዚያ ገብቶሻል ወይ ብሎ አልጠየቃትም። "ዛሬ ማታ ምን ምን ሰዓት ላይ ነው የምትገቢው?" አላት። በጣቷ ቆጠረችለት። ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። እኔን ይህን ማን አስተማረኝ!

ወጥቶ ሲሄድ የልጅቷን ባለ ቁልፍ ስልክ ተቀብዬ አራቱንም አላርም ሞላሁላት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

ጠዋት አጥሚቱን ይዤ ስገባ እህቴ ዓይኗ ቀልቷል።

"ያንን ስልክ የሞላው ማነው?" አለች። "ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ክፍሉ በሙሉ እየተነሳ ሲያጠባ አደረ።"

ልጅቷ ፍራሿ ላይ አልነበረችም። ሰዓቱን አየሁ። ሦስት ሰዓት።